«ቻርቱ ይወርዳል ይላል፤ ለባለቤቴ ግን ምን ልበላት?»

የአንባቢ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁሌም አነባለሁ። ዛሬ የራሴን ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ።

የ36 ዓመት ሰው ነኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ባለትዳርና የአንዲት ልጅ አባት ነኝ። የምሠራው ሌሊት ነው፤ ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር ነኝ። ከባለቤቴ ጋር በወር 1,000 ዶላር የሚጣልበት፣ 20 ሰው ያለው እቁብ ገባን። በአራተኛው ወር ዕጣው ወጣልንና 20,000 ዶላር በላን። ለቤት ቅድመ ክፍያ ይሆነናል ብለን ቁጠባ ውስጥ አስቀመጥነው። እቁቡን ለመጨረስ ገና 11 ወር ይቀረናል።

ሌሊት ሥራው ቀዝቀዝ ይላል። አንድ ባልደረባዬ ፎሬክስ፣ የአገራት ገንዘቦች የሚነገዱበትን ገበያ፣ አሳየኝ። ቪዲዮ እያየሁ ቻርት ማንበብ ተማርኩ። በተለይ ዋጋ ሊወድቅ ነው የሚሉት የቤሪሽ ፓተርኖች ደስ አሉኝ፤ ሄድ ኤንድ ሾልደርስ፣ ደብል ቶፕ፣ ቤር ፍላግ። ለባለቤቴ ሳልነግር ከቁጠባው 6,000 ዶላር አውጥቼ አስገባሁ። የምነግደው ዩሮ ዶላር (የዩሮ ዋጋ በዶላር) ነው፤ ብዙ ጊዜ ሴል ነው የምገባው፤ ማለትም ዋጋው ሲወርድ ነው የማተርፈው። አሁን የቀረኝ 2,600 ነው። ፓተርኑን አይቼ ሴል ስገባ ዋጋው ይወጣል። ተስፋ ቆርጬ ስዘጋው ይወርዳል። አንድ ሰው ስልኬን እያየ የሚጫወትብኝ ነው የሚመስለኝ።

አሁን የቴሌግራም ግሩፓችን መሪ በዩሮ ዶላር የቀን ቻርት ላይ ትልቅ ሄድ ኤንድ ሾልደርስ እየተሠራ ነው ብሏል። እኔም አየሁት። «5,000 ጨምር፤ ብሮከሩ 1 ለ 500 ሌቨሬጅ ይሰጣል፣ በ1 ዶላር የ500 ዶላር ትነግዳለህ፤ በአንድ ትሬድ የከሰርከውን ታወጣለህ» አለኝ። ባለቤቴ ገንዘቡ ሙሉው ባንክ ያለ ይመስላታል። ገንዘቡን መልሼ ልንገራት ወይስ አሁኑኑ? ከፓተርኑስ ያልገባኝ ምንድን ነው?

ግራ የገባኝ፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ

ወንድሜ፣

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምንህ። 5,000ውን አትጨምር። ምክንያቱን ቀስ ብለን እናወራዋለን። ቢያንስ ይህን አንብበህ እስክትጨርስ ድረስ እጅህን ሰብስብልኝ።

ደብዳቤህን ሳነብ ስግብግብ ሰው አልታየኝም። ሌሊቱን ነቅቶ ቤተሰቡን ቤት ውስጥ ለማስገባት የሚለፋ አባት ነው የታየኝ። ስለ ፓተርኑ የጠየቅከውም የምር ጥያቄ ነው፤ ከእሱ ልጀምር።

ሄድ ኤንድ ሾልደርስ ምን እንደሚመስል ታውቃለህ። ዋጋው ሲወጣ ቆይቶ አንድ ጫፍ ላይ ይደርስና ይመለሳል። ቀጥሎ ከዚያ በላይ ከፍ ይልና እንደገና ይመለሳል፤ ይሄ ጭንቅላቱ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲሞክር ጭንቅላቱ ጋ ሳይደርስ ይዝላል። በመሃል የወረደባቸውን ሁለት ቦታዎች የሚያገናኘው መስመር ኔክላይን ይባላል። ከቅርጹ ጀርባ ያሉት ሰዎች ናቸው። ገዢዎች ሦስት ጊዜ ገፍተው በሦስተኛው አቅም አጠራቸው ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ ቪዲዮዎቹ በደንብ ያስረዳሉ። ቸኩለው የሚያልፉት ቀጥሎ ያለውን ነው። ዋጋው ከኔክላይኑ በታች እስኪዘጋ ድረስ ፓተርኑ ገና አልተሟላም። እስከዚያ ያለው ሦስት ጉብታ ነው።

አሁን የራስህን ትሬዶች አስታውስ። ሴል የገባኸው መቼ ነበር? ካንድሉ (በቻርቱ ላይ የአንድን ጊዜ መክፈቻና መዝጊያ ዋጋ የሚያሳየው ምልክት) ከኔክላይኑ በታች ከዘጋ በኋላ? ወይስ ቀኝ ትከሻው ሲሠራ አይተህ «አሁንማ ሊወርድ ነው» ብለህ? ስገባ ይወጣል፣ ስዘጋው ይወርዳል ያልከው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። ኔክላይኑ እስኪሰበር ድረስ ሰፖርት ነው። ገዢዎች ሁለት ጊዜ ገብተው ዋጋውን ያነሡበት ቦታ ነው። አንተ እዚያ ስትሸጥ እነሱ ይገዙሃል። የግሩፑ መሪ ራሱ «እየተሠራ ነው» ነው ያለው። እየተሠራ ያለ ነገር ገና አላለቀም።

ሌላም ልጠይቅህ። ከፓተርኑ በፊት የሚገለበጥ ነገር ነበር? ሄድ ኤንድ ሾልደርስም፣ ሁለት ተቀራራቢ ጫፍ የሚሠራው ደብል ቶፕም ሽቅብ ሲሄድ የቆየ ዋጋ መገልበጡን የሚያሳዩ ናቸው። ከፊታቸው ረጅም መውጣት ከሌለ የሚገለበጥ የለም። ቤር ፍላግ ደግሞ ተቃራኒው ነው። መጀመሪያ ኃይለኛ መውደቅ ይፈልጋል። ከዚያ ዋጋው ትንሽ ቀና ብሎ ያርፍና ውድቀቱን ይቀጥላል። ቀደም ብሎ የሆነውን ሳታይ ሦስቱንም አንድ ላይ «ሴል» ብለህ ካነበብካቸው መሳሳትህ አይቀርም።

አንተ የምታየው በሥራ ሰዓትህ፣ በስልክህ፣ ምናልባትም በ5 ደቂቃ ቻርት ይመስለኛል። እናንተ ጋ ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ በአሜሪካኖቹ አጠራር 3 ኤኤም ላይ የለንደን ገበያ ይከፈታል። ከዚያ በፊት ባሉት ሰዓታት ዩሮ ብዙም አይንቀሳቀስም። ለንደን ሲገባ ወዲያና ወዲህ ይወራጫል። በዚያ ሰዓት በ5 ደቂቃ ቻርት ላይ ጭንቅላትና ትከሻ የሚመስል ነገር እንደ ልብ ይገኛል። አብዛኛው ምንም አይናገርም።

በደንብ የሠራ ፓተርን ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለግክ የራስህን ዩሮ ዶላር ወደ 2014 መልሰህ ክፈተው። በማርች 1.3967 ደረሰና ተመለሰ። በኤፕሪል መጀመሪያ 1.3670 አካባቢ ወረደ። በሜይ 8 ደግሞ 1.3993 ነክቶ ወደቀ። ደብል ቶፕ ነው። በሜይ መጨረሻ ላይ የመሃሉን ዝቅተኛ ቦታ ሰብሮ ወረደ። በማርች 2015 ከ1.05 በታች ነበር። ግን ሁለት ነገር ልብ በል። አንደኛ፣ የጣለው ቅርጹ አልነበረም። በዚያው በሜይ 8 የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ፕሬዚዳንት የነበሩት ማሪዮ ድራጊ በሚቀጥለው ስብሰባ እርምጃ ለመውሰድ ዝግጁ መሆናቸውን ተናገሩ። በጁን መጀመሪያ ባንኩ የተቀማጭ ወለዱን ከዜሮ በታች አወረደ። በጃንዋሪ 2015 ደግሞ ትልቅ የቦንድ ግዢ አወጀ። ሁለተኛ፣ ዋጋው ከሰበረ በኋላ ወደ 1.35 ወርዶ በጁላይ 1 ተመልሶ 1.37 ደርሷል። ይኸውም ከሰበረው መስመር ትንሽ ከፍ ብሎ ማለት ነው። ያን ጊዜ በ1 ለ 500 ሴል የገባ ሰው ሐሳቡ ትክክል ሆኖ ሳለ ገንዘቡ አልቆ ከገበያው ወጥቷል። ዋጋው የወደቀው እሱ ከወጣ በኋላ ነው። ማንም ስልክህን እያየ እንዳልተጫወተብህ ይሄ የሚያሳይህ ይመስለኛል።

ያልሠራውንም ልንገርህ። በ2010 ሰመር ላይ ብዙ የገበያ ተንታኞች የትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች አክሲዮን መለኪያ በሆነው በኤስ ኤንድ ፒ 500 ላይ አንድ ሄድ ኤንድ ሾልደርስ እያሳዩ ትልቅ ውድቀት ይመጣል ይሉ ነበር። ኔክላይኑ 1,040 አካባቢ ነበር። ተሰበረም። በጁላይ መጀመሪያ 1,010 ድረስ ወረደ። ከዚያ ተገልብጦ ወጣና ዓመቱን 1,257 ላይ ጨረሰ። ፓተርኑ የተሟላ ነበር፤ መግቢያውም በሕጉ ነበር። ግን ከሸፈ። ካሮል ኦስለር እና ኬቪን ቻንግ በ1995 ለኒውዮርክ ፌደራል ሪዘርቭ ባንክ በሠሩት ጥናት ይህንኑ ፓተርን በስድስት ገንዘቦች ላይ ፈትነውት ነበር። በጀርመን ማርክ እና በጃፓን የን ላይ አተረፈ። በቀሩት አራቱ ላይ አላተረፈም።

እንግዲህ ፓተርን ከንቱ ነው ልልህ አይደለም። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ የት ላይ እንደተሳሳትክ አስቀድሞ ማሳየቱ ነው። ዋጋው ከቀኝ ትከሻው በላይ ከወጣ ሐሳብህ አብቅቷል፤ መውጣት አለብህ። ስቶፕ ሎስ፣ ትሬዱን በራሱ የሚዘጋው ትእዛዝ፣ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ወንድሜ፣ ደብዳቤህን መልሼ አየሁት። ስቶፕ ሎስ የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። ያለው «ተስፋ ቆርጬ ስዘጋው» የሚል ነው። መውጫህን የሚወስነው ድካምህና ፍርሃትህ ከሆነ ምንም ዓይነት ፓተርን ብታጠና አያድንህም።

የመጠኑን ነገር በራስህ ቁጥር እንየው። ብዙ ጥንቁቅ ነጋዴዎች በአንድ ትሬድ ከአካውንታቸው 1 በመቶ በላይ አያስይዙም። ከ2,600 ላይ 26 ዶላር ነው። ስቶፕህ 65 ፒፕ (በዩሮ ዶላር አንድ ፒፕ 0.0001 ነው) ቢርቅ በፒፕ 40 ሳንቲም ይሆናል። በዩሮ ዶላር 0.04 ሎት ማለት ነው (1 ሎት 100,000 ዩሮ ነው)። አንተ በስንት ሎት ነበር የምትገባው? 1 ሎት ከሆነ እያንዳንዱ ፒፕ 10 ዶላር ነው፤ ያው 65 ፒፕ 650 ዶላር ይወስዳል። ሌቨሬጁን እስከ ጥጉ ከተጠቀምክበት ደግሞ 1 ለ 500 ማለት ዋጋው 0.2 በመቶ ብቻ በተቃራኒ ቢሄድ ገንዘቡ አለቀ ማለት ነው። ዩሮ በተራ ቀን ከዚያ በላይ ይንቀሳቀሳል። 2,600ውን ወደ 6,000 ለመመለስ 131 በመቶ ገደማ ማትረፍ ይኖርብሃል። ያን ያህል በአንድ ትሬድ የሚፈልግ ሰው ቻርቱን በሰከነ ዓይን ሊያየው አይችልም። መውረዱን ስለሚፈልገው በየቦታው ቤሪሽ ይታየዋል። አንተስ በቅርቡ ባይ (ግዛ) የሚል ፓተርን አይተህ ታውቃለህ?

ይህን ሁሉ ካልኩህ በኋላ ከፓተርኑ የበለጠ ያስደነገጠኝን ልንገርህ። 1 ለ 500 የሚለው ቁጥር ነው። አሜሪካ ውስጥ ለግለሰብ ደንበኛ በዋና ዋና ገንዘቦች ላይ የሚፈቀደው ሌቨሬጅ እስከ 1 ለ 50 ብቻ ነው። ቨርጂኒያ ለሚኖር ሰው 1 ለ 500 የሚሰጥ ብሮከር በአሜሪካ ሕግ አልተመዘገበም ማለት ነው። ኤንኤፍኤ የሚባለው የዘርፉ ተቆጣጣሪ ድረ ገጽ ላይ ቤዚክ የሚባል ነፃ መፈለጊያ አለ። የብሮከርህን ስም ዛሬውኑ እዚያ ፈልገው። ካጣኸው ክፍት ያለህን ትሬድ ሁሉ ዝጋና 2,600ውን በሙሉ የማውጣት ጥያቄ አስገባ። «መጀመሪያ ታክስ ክፈል» ወይም «ለማስለቀቂያ ይህን ያህል አስገባ» ካሉህ አንድ ሳንቲም እንዳትልክ። ይህ የታወቀ የማጭበርበሪያ መንገድ ነው። በካርድ ከፍለህ ከነበረ ወደ ባንክህ ደውልና አስረዳ። ሲኤፍቲሲ ለሚባለው የፌደራል መሥሪያ ቤትም አቤቱታ ማስገባት ትችላለህ። ቆይቶ ደግሞ «የጠፋብህን ገንዘብ እናስመልስልሃለን» የሚሉ ሰዎች ቢደውሉልህ ዝጋባቸው፤ እነሱም አስቀድመህ ክፈል ነው የሚሉህ።

የግሩፑን መሪም አንድ ጥያቄ ጠይቀው። በእሱ ሊንክ ገብተን ገንዘብ ስናስገባ ብሮከሩ ይከፍልሃል ወይ በለው። «ግዛ፣ ሽጥ» እያሉ ምክር የሚልኩ ብዙ የሲግናል ግሩፖች የሚተዳደሩት በዚህ ኮሚሽን ነው። መልሱ አዎ ከሆነ «5,000 ጨምር» ያለህ ለማን ብሎ እንደሆነ ራስህ ትመዝነዋለህ። የአውሮፓ ኅብረት የሴኪዩሪቲስ ገበያ ተቆጣጣሪ በ2018 ይፋ ባደረገው መሠረት በሌቨሬጅ ከሚነገድባቸው የሲኤፍዲ (ንብረቱን ሳይገዙ በዋጋው ለውጥ ላይ ብቻ የሚደረግ ውል) ግለሰብ አካውንቶች ከ74 እስከ 89 በመቶ የሚሆኑት ከሳሪ ናቸው። ከሰርክ ማለት የተለየህ ደካማ ነህ ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ቤትህ እንግባ።

ከ20,000ው ውስጥ ዕጣው ሲወጣላችሁ እናንተ የጣላችሁት 4,000 ብቻ ነበር። 16,000ው የሌሎቹ አባላት ነው። አምነዋችሁ ቀድማችሁ በላችሁ፤ እስከ መጨረሻው ትጥላላችሁ ብለው። ዛሬ 14,000 ባንክ አለ፤ 11,000 ደግሞ ገና ትጥላላችሁ። አንተ 5,000 ጨምረህ ቢጠፋ ባንክ የሚቀረው 9,000 ነው። አንዳችሁ ሥራ ብታጡ እቁቡን እንኳ ከቁጠባችሁ መሙላት አትችሉም። እቁብ ውስጥ ስም ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ለአንተ አልነግርህም። ያን ዕዳ ደግሞ የምትሸከመው ባለቤትህም ናት፤ ሳታውቀው።

«መልሼ ልንገራት» ያልከው ይገባኛል። ልታሳዝናት አልፈለግክም። አባወራነትህም ይከብድሃል፤ የደከምክበት ነገር ባዶ ሆኖ መታየቱ ያሳፍርሃል። ግን ራስህን በሐቅ ጠይቅ። ገንዘቡ ቢመለስ በእርግጥ ትነግራት ነበር? ወይስ «ተመለሰ አይደል እንዴ፣ ምን አስቸኮለኝ» ብለህ ትተወው ነበር? 3,400 ዶላር ሁለታችሁ ተጋግዛችሁ የምትተኩት ገንዘብ ነው። እሷ የምትጎዳው በመደበቁ ነው፤ ያ ደግሞ በየሳምንቱ እየከበደ ነው የሚሄደው። ከባንክ መግለጫ ላይ ራሷ አይታ ብትጠይቅህ ከአንተ አፍ ከመስማት እጅግ የተለየ ነው።

ስለዚህ አሁን ንገራት። የፎሬክስ ገበያ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተዘግቶ እሑድ ማታ ነው የሚከፈተው። ቅዳሜን ተጠቀምበት፤ ዓይንህ ስልክ ላይ አይሆንም። ተኝተህ ከተነሣህ በኋላ ይሁን፤ ከሌሊት ሥራ እንደገባህ እንዳይሆን። ልጃችሁ ዘመድ ጋ ብትውል ጥሩ ነው። የአካውንቱን ሙሉ ሪፖርት አስቀድመህ አውርድና ያዝ። ስለ ገበያው ወይም ስለ ባልደረባህ በማውራት አትጀምር። ቁጥሩንም አትከፋፍለው፤ ዛሬ ግማሹን፣ በሳምንቱ ግማሹን የሰማች ሚስት ሦስተኛ እስኪመጣ ነው የምትጠብቀው። እንዲህ በላት፦ «ከእቁቡ ገንዘብ 6,000 ሳልነግርሽ ፎሬክስ ውስጥ አስገብቼ ነበር። የቀረው 2,600 ነው፤ ለማውጣት ጠይቄያለሁ። 14,000ው አልተነካም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ልትቆጣ ትችላለች። ሆድ ሊብሳት፣ ቀናት ሙሉ ላታናግርህ ትችላለች። «ላንቺው ብዬ ነው እኮ» አትበላት። እውነት ቢሆንም ያን ሰዓት ሸክሙን ወደ እሷ ያዞርባታል። የቁጠባው ሒሳብ ያለ ሁለታችን ፈቃድ አይንቀሳቀስ ካለች ተቀበል፤ እንዲያውም አንተው ቀድመህ አቅርበው። ነገሩ ከከበዳችሁ የንስሐ አባታችሁን ወይም ሁለታችሁም የምታከብሩትን ታላቅ ሰው መጥራት ትችላላችሁ። ግን መጀመሪያ ከአንተ ትስማ። የእቁቡ ሰዎች ግን እንዳይሰሙ ተጠንቀቁ፤ ይህ የቤታችሁ ጉዳይ ነው።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ይቀራል። ግሩፑን ለቅቀህ፣ አፑን አጥፍተህ ስታበቃ ሌሊት ላይ እጅህ እየሄደ የሚያስቸግርህ ከሆነ፣ ወይም እንቅልፍህ ከተቃወሰ፣ ለሐኪምህ ንገረው። እንደ ቁማር ሱስ የሚይዝ ነገር ነውና ዕርዳታ አለው።

ቻርት ማንበብ ራሱን ከወደድከው ደግሞ መማርህን አልከለክልህም። ከባለቤትህ ጋር ከተነጋገራችሁ በኋላ፣ በተመዘገበ ብሮከር፣ ገንዘብ በሌለው ዴሞ አካውንት ሞክር። የቀን ቻርቱን ብቻ ተመልከት። ፓተርን ባየህ ቁጥር በደብተር ላይ ጻፍ፤ ከፊቱ ምን ዓይነት ትሬንድ ነበር፣ ኔክላይኑ የት ነው፣ ካንድሉ ከሥሩ ዘግቷል ወይ፣ ስቶፑ የት ይሆናል፣ በመጨረሻ ምን ሆነ። የከሸፉትንም ሳትዘል ጻፍ። ያ ግሩፑ የሚያወራለት ሄድ ኤንድ ሾልደርስ የመጀመሪያው ገጽህ ይሁን፤ የት እንደሚደርስ ያለ ምንም ገንዘብ ታየዋለህ። እቁቡ ሲያልቅ ደብተሩን ለባለቤትህ አሳያት። በእውነተኛ ገንዘብ ይሞከር አይሞከር፣ ቢሞከርስ በስንት የሚለውን ያኔ ሁለታችሁ ትወስናላችሁ።